ፎቶው የኔ ነው፣ ታሪኩ ግን የኔ አይደለም

ሰላም እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ?

ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ዕድሜዬ 36 ነው። አራት ኪሎ እኖራለሁ። የምሠራው ፖስታ ቤት አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ሒሳብ ክፍል ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት እናቴን ቀበርኩ። ያኔ 82 ኪሎ ነበርኩ። ከቀብሩ በኋላ እህል አልወርድ አለኝ። ሁለት ጉርሻ ጎርሼ እነሳለሁ። ታክሲ ውስጥ ከሰው ጋር መጨናነቁ ስላስጠላኝ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ጠዋት ከአራት ኪሎ በፒያሳ አድርጌ ቸርችልን ቁልቁል እወርዳለሁ። ማታ ያንኑ ዳገት እወጣለሁ። እየሄድኩ አለቅሳለሁ፤ የሚያየኝም የለም። በስድስት ወር 68 ኪሎ ገባሁ።

ያን ጊዜ ያልተለየችኝ አንዲት ጓደኛዬ ናት። ከኮሌጅ ጀምሮ አብረን ነን፤ እህቴ ብላት ይቀለኛል። የሐዘኑ ሰሞን ጠዋት ጠዋት አጥሚት በፔርሙስ ይዛልኝ ትመጣ ነበር። የፔርሙሱ ክዳን ስለተሰበረ አፉን በፌስታል አስራ ነበር የምታመጣው። ሆዴ ውስጥ የቆየልኝ የመጀመሪያው ነገር ያ አጥሚት ነው። ፔርሙሱ እስካሁን እኔ ጋ ነው፤ አልመለስኩላትም።

ከዚያ ዕቁቧን አውጥታ፣ ከዘመድም ተበድራ፣ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ምግብ ቤት ከፈተች። «ጤናማ ምሳ» ነው የምትለው። ቅንጬ፣ ሰላጣ፣ ዘይት ያልበዛበት ሽሮ፣ የአትክልት ሾርባ። ባለሙያ ናት፣ እጇ ይጣፍጣል። እኔም ምሳዬን እዚያ መብላት ጀመርኩ። በሦስት ወር ሌላ 3 ኪሎ ቀነስኩና 65 ሆንኩ።

አንድ ቀን ቴሌግራም ስከፍት ሁለት ፎቶዬ ጎን ለጎን ተለጥፏል። የግራው የእህቴ መልስ ላይ የተነሳሁት ነው። የቀኙ የእናቴ ሙት ዓመት ዕለት የተነሳሁት። ጥቁር ለብሼ ነበር፤ ቀሚሴን በስልክ ቀይ አድርጋዋለች። ከላይ «በ3 ወር 17 ኪሎ! ምስጢሩ የኛ ምሳ!» ይላል። ወዲያው ደወለችና «ዘነጥሽ አይደል?» አለችኝ። እኔም ሳቅኩ። ምን ልበላት?

ቢሯችን ውስጥ የሰባት ወር ልጅ የምታጠባ ልጅ አለች። ያንን አይታ የሦስት ወር ፓኬጅ ገዛች። በሁለት ወር 1 ኪሎ ተኩል ቀነሰች። በቀደም ኮሪደር ላይ ያዘችኝና «እውነቱን ንገሪኝ፣ ሌላ ያደረግሽው ነገር አለ እንዴ?» አለችኝ። እኔ ደግሞ አፌ ላይ የመጣልኝ «ቀጥዪበት» የሚል ነበር። አሁን እራትም እንደተወች ሰማሁ። «ወተቴም ቀነሰ መሰለኝ» አለች።

ጓደኛዬ ሜክሲኮ አካባቢ ሁለተኛ ቤት ልትከፍት ነው። ለቲክቶክ ቪዲዮ ካልተቀረጽሽልኝ ብላኛለች። የአንድ ዓመት ምሳ በነፃ፣ በእኔ ስም ከመጣው ደንበኛ ደግሞ ኮሚሽን። እኔ ግን አሁን 71 ኪሎ ነኝ። «ፊትሽ ሞላ ብሏል፣ እስከ ቀረጻው እራት ብትተይ ጥሩ ነው» አለችኝ። እዚያ ሳቅኩ፣ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። እምቢ ብላት ውለታ በላ እባላለሁ። እሺ ብላት ያቺ የምታጠባ ልጅ ፊቴ ላይ ትመጣለች። ሰው እያታለልኩ ነው እንዴ? ምን ላድርግ?

ውለታ የከበዳት፣ ከአራት ኪሎ

*

የኔ እህት፣

በመጀመሪያ ለእናትሽ ነፍስ ይማር። አንቺንም ያጽናሽ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ ያስቆመኝ ቀሚሱ ነው። ጓደኛሽ በክፋት ያደረገችው አይመስለኝም፤ ጥቁር ለማስታወቂያ አይሆንም ብላ ይሆናል። ግን ቀሚሱ እንደነበረ ቢቀር ምን ይፈጠር ነበር? ያየው ሰው ሁሉ «ውይ፣ ማን ሞቶባት ነው?» ይል ነበር። ቀጥሎ «ለካ ሐዘን ነው ያከሳት» ይላል። ማስታወቂያው እዚያው አለቀለት። ጥቁሩ ቀይ ሲሆን እናትሽም ከታሪኩ ወጡ።

የድሮ ሰው ቢያይሽ ኖሮ እንዲህ አይሸወድም ነበር። እናቶቻችን የከሳ ሰው ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ምነው፣ ምን ነካሽ?» ብለው ነው። አሞሽ ነው? ተከፍተሽ ነው? እህል አጥተሽ ነው? «ወፈርሽ» ደግሞ ምርቃት ነበር። ያም የራሱ ጣጣ ነበረው፣ አልክድም፤ ስንት ሰው ስኳርና ደም ግፊቱን «ተስማማው» እየተባለ ተሸክሞ ኖሯል። ዛሬ ግን ጥያቄው ሌላ ሆነ። የከሳ ሰው ስናይ «ምን በልተሽ ነው? የት ይሸጣል?» እንላለን። አንቺን አምስት መቶ ሰው አይቶሽ ይሆናል። ምን ነካሽ ብሎ የጠየቀሽ ነበር?

አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽና እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። 17 ኪሎ ማለት 130,900 ነው። ለ90 ቀን አካፍዪው፤ በቀን 1,450 ገደማ ይጎድላል ማለት ነው። ቢሮ ተቀምጣ የምትውል ሴት በቀን የሚያስፈልጋት 2,000 አካባቢ ነው። ስለዚህ ፎቶው እውነት እንዲሆን ለሦስት ወር በየቀኑ በ550 ካሎሪ መዋል አለብሽ። አንድ ሳህን ምሳ በልተሽ ቀኑን ዘጋሽ ማለት ነው። በርግጥ ሰው ሲቀንስ የሚሄደው ስብ ብቻ አይደለም፤ ውኃም ጡንቻም አብሮ ይሄዳል፤ በተለይ የመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን ላይ ጉድ የሚያሳየው ውኃው ነው። ቢሆንም ይህ ሒሳብ ኦዲት አያልፍም።

የራስሽ መዝገብ ደግሞ ሌላ ነው የሚለው። 14ቱ ኪሎ የሄደው ምግብ ቤቱ ሳይከፈት ነው። ቤቱ ገና ቀለም አልተቀባም፣ አንቺ ግን 68 ነሽ። የቀሩት 3 ኪሎዎች ናቸው በሦስት ወር የሄዱት። እነሱንም ቢሆን ቸርችል ዳገት ይካፈላቸዋል። በቀን ሁለቴ ያንን መንገድ የሚሄድ ሰው፣ ከልኩ በላይ እስካልበላ ድረስ፣ የትም ቢበላ ለውጥ ያያል።

አታለልኩ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ፎቶውን አልለጠፍሽም፣ ጽሑፉንም አልጻፍሽም። ዝም ግን ብለሻል። ኮሪደሩ ላይ «ቀጥዪበት» ያልሽበት ቀን ደግሞ ከዝምታ አንድ እርምጃ አልፈሻል። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ ፈልጌ አይደለም። እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ስለሆነ ነው፤ ደግሞም የሚስተካከል ነው።

ስለ ጓደኛሽ ትንሽ ልከራከርላት። ሐሰተኛ ነች ብዬ አላምንም። ስትከሺ በዓይኗ አይታለች። ምግቧን ስትበዪም አይታለች። ሁለቱን አገናኘቻቸው። ብድር ያለበት ሰው፣ የቤት ኪራይ በየወሩ የሚጠብቀው ሰው፣ የሚጠቅመውን ማመን ይቀለዋል። እንዲህ ዓይነት ታሪክ የሚሸጡ ብዙዎቹ ራሳቸው አምነውበት ነው የሚሸጡት። ለዚህም ነው የሚያሳምኑት።

ሎተሪ አዟሪ አይተሻል? ዕድለኛው ትልቅ ቼክ ይዞ የተነሳውን ፎቶ ሁላችንም እናውቃለን። ትኬት ገዝቶ ምንም ያልደረሰውን ሰው ፎቶ ግን ማንም አይለጥፍም። ቢለጠፍ የከተማው ግድግዳ አይበቃውም። የክብደት ማስታወቂያም እንደዚያው ነው። ጓደኛሽ ስንት ሰው ፓኬጅ እንደሸጠች ታውቂያለሽ? ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ ቀነሰ? ስንቱ ባለበት ቆመ? ስንቱ በሁለተኛው ሳምንት ጠፋ? ደብተሯ ላይ ያለው ቁጥር እሱ ነው፤ ቴሌግራሟ ላይ ያለሽው ግን አንቺ ብቻ ነሽ።

ይህ ነገር በኛ አገር አልተጀመረም። አሜሪካ ውስጥ ሰብዌይ የሚባል የሳንድዊች ድርጅት አለ። ጃሬድ ፎግል የሚባል የኢንዲያና ተማሪ 190 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። ከሰፈሩ ሰብዌይ በቀን ሁለት ሳንድዊች እየበላ 110 ኪሎ ያህል ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2000 ድርጅቱ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ አወጣው። የድሮ ሰፊ ሱሪውን ዘርግቶ እያሳየ ለዓመታት የድርጅቱ ፊት ሆነ። መቀነሱ እውነት ነው፣ ማንም አልካደውም። ግን አንዱ ሳንድዊች ትንሹ ነበር፣ ሌላው አትክልት ብቻ። ማዮኔዝ የለ፣ አይብ የለ። እየቀለለው ሲሄድ ደግሞ በእግሩ መሄድ ያዘ። እንዲህ በልክ እየበላ የሚራመድ ሰው ሽሮም ቢበላ ይቀንስ ነበር። ሰዉ ግን የሰማው «ሳንድዊች ብላ» የሚለውን ነው፤ ማዮኔዙንም አይቡንም ጨምሮ አዘዘ።

መጨረሻውንም ልንገርሽ፣ ለጓደኛሽ ይጠቅማታልና። እ.ኤ.አ. በ2015 ሰውዬው በሕፃናት ላይ በፈጸመው ከባድ ወንጀል ተከሶ እስር ቤት ገባ። ድርጅቱም ግንኙነቱን ቆርጦ ስሙን ከየቦታው ለማውረድ ተሯሯጠ። አንቺን ከሱ ጋር እያመሳሰልኩሽ አይደለም፣ ይቅር በይኝ። ነገሩ ግን አንድ ነው። ሱቅሽን በአንድ ሰው ገላ ላይ ካቆምሽው፣ ያ ሰው ሲወዛወዝ ሱቁም ይወዛወዛል። አንቺ 6 ኪሎ ስትጨምሪ እሷ «እራት ተይ» እንድትልሽ ያደረጋት ይኸው ነው። ያን ጊዜ የተናገረችው ጓደኛሽ አልነበረችም፣ ነጋዴዋ ነች።

አንድ ሌላ ታሪክ ደግሞ አለ፤ ይኸኛው ያስቀኛል። ማርክ ሃውብ የሚባል በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግብ መምህር እ.ኤ.አ. በ2010 በራሱ ላይ ሙከራ አደረገ። ለ10 ሳምንት በአብዛኛው የበላው ትዊንኪ የሚባለውን ክሬም ያለበት ኬክና መሰል የሱቅ ጣፋጭ ነው። በቀን ግን ከ1,800 ካሎሪ አላለፈም። 12 ኪሎ ቀነሰ! ኬክ ሻጩ ፎቶውን ቢለጥፍ ምስክርነቱ ሙሉ በሙሉ እውነት ይሆን ነበር። ኬክ በላ፣ ቀነሰ። ኬክ ያከሳል ብሎ ልጁን ኬክ የሚያጎርስ ግን የለም።

በነገራችን ላይ አሜሪካኖቹ ነገሩ ሲበዛባቸው ደንቡን አጠበቁት። ድሮ ከታች በትንንሽ ፊደል «ውጤቱ የተለመደ አይደለም» ብሎ መጻፍ ይበቃ ነበር። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽናቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ያ አይበቃም አለ። አንዱን ዕድለኛ የሚያሳይ ሰው፣ ብዙው ተጠቃሚ የሚያገኘውንም በግልጽ ይናገር ተባለ። እኛም አገር የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ሄደሽ ክሰሻት ማለቴ አይደለም፣ እግዜር አያድርገው። ሁለተኛ ቤት ልትከፍት የተነሳች ሴት ግን ብታውቀው አይጎዳትም።

ብልጥ ሆኜ ይህን ሁሉ የማውቅ እንዳይመስልሽ። ልጅነት እያለ እኔም አንድ የማክሻ ሻይ ገዝቻለሁ። ካርቶኑ ላይ አንዲት ሴት በድሮ ሱሪዋ አንድ እግር ውስጥ ሁለት እግሯን ከታ ቆማለች። እሷን ሳይ ሌላ ምንም አልታየኝም። በሦስት ቀን 2 ኪሎ ቀነስኩ። የት እንደቀነስኩት አትጠይቂኝ። ሦስቱንም ቀን ከመጸዳጃ ቤት አልራቅሁም። በኋላ ሳነበው ውስጡ ሰና የሚባለው ሆድ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነበረበት። ውኃ ጠጥቼ ሁለት ቀን ስተኛ ኪሎው ሙሉ በሙሉ ተመለሰ። ብሩ ነው ያልተመለሰው። አያቴ ብትሰማ «ኮሶ ጠጣሽ በይኛ!» ትለኝ ነበር። እነሱ እንኳ ኮሶ የሚጠጡት ለትሉ ነበር፤ ከሳሁ ብሎ ፎቶ የተነሳ አልነበረም።

አሁን ወደ ቢሮሽ ልጅ ልመለስ፤ እሷ ቀድማ መምጣት አለባት። ከጓደኛሽ ጋር የሚደረገው ንግግር አንድ ሳምንት ቢቆይ ችግር የለውም። የሷ ግን አይቆይ። የምታጠባ እናት ከሌላው ጊዜ ይልቅ በቀን እስከ 500 ካሎሪ ገደማ ተጨማሪ ያስፈልጋታል። እራት የምትተውበት ጊዜ አይደለም። ነገ ወጣ በሉና ቡና እየጠጣችሁ ንገሪያት። ረጅም ኑዛዜ አያስፈልግም። «የዛን ቀን የነገርኩሽ ልክ አልነበረም። እኔ የከሳሁት እናቴ ሞታብኝ፣ እህል አልበላ ብሎኝ ነው። ምሳው ጥሩ ነው፣ ግን 17 ኪሎ የቀነስኩት በሱ አይደለም» በያት። ከዚያ እራቷን ትብላ። ልጁን ይዛ ጤና ጣቢያ ትሂድና ክብደቱን ታስለካ፤ ወተቷ ቀንሶ እንደሆነ በመሰለኝ ሳይሆን በሚዛን ይታያል። ስለራሷም እዚያው ታማክር።

አንድ ነገር ደግሞ ጨምሪላት። በሁለት ወር 1 ኪሎ ተኩል ለምታጠባ እናት ትንሽ አይደለም። እየበላች፣ እየሠራች፣ ሌሊት እየተነሳች ነው የቀነሰችው። እሷ እኮ ተሳክቶላታል! ያልተሳካላት የመሰላት ካንቺ ፎቶ ጋር ስለተለካች ነው። ይህንን ስትሰማ ትቆጣሽ ይሆናል፣ ገንዘቧን ከፍላለችና። ትቆጣ። ቁጣዋን ስሚያት፣ አትከራከሪ።

ወደ ጓደኛሽ እንምጣ። ውለታ በላ እንዳልባል ፈራሁ ብለሻል። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አጥሚቱን ስታመጣልሽ አንድ ቀን በፎቶሽ ትከፍዪኛለሽ ብላ ነበር? አይመስለኝም። እንግዲያው ፎቶውን «አውርጂው» ማለት ያንን ውለታ መካድ የሚሆነው እንዴት ነው? ሁለቱን ያቀላቀላቸው ፍርሃትሽ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ምናልባት እሷም አቀላቅላቸው ይሆናል፤ ስታወሪያት ይታወቅሻል።

ዝም ብለሽ መቀጠል ትችያለሽ። ግን ከወዲሁ እራት ተይ ተብለሻል። ቪዲዮው ከወጣ በኋላ ምን ልትተይ ነው? በየመንገዱ የሚያውቅሽ ሰው ሲበዛ ቁርስ በልተሽ መውጣት ራሱ ሊያሳፍርሽ ነው። ሥራ በዛብኝ፣ አሞኛል እያልሽ ከቀረጻው መሸሽም ትችያለሽ። እኔ ብሆን ቀድሜ የማስበው ይህንን ነበር፣ አልዋሽሽም። ግን ፎቶው እዚያው ይቀራል፣ እሷም ምን እንዳስቀየመሽ ሳታውቅ ትርቂያታለሽ። ለእህት ይህ አይገባም።

ስለዚህ ንገሪያት። በቴሌግራም አይሁን። ምሳ ሰዓት ደንበኛ ሲተራመስም አይሁን። እሑድ ከሰዓት ያንን የእግር መንገድሽን አብራሽ ትሂድ፤ ጎን ለጎን ሲሄዱ ከባድ ወሬ ይቀላል፣ ዓይን ለዓይን አትተያዩም። ቸርችል አፋፍ ላይ ስትደርሱ «ብቻዬን እያለቀስኩ የምወርደው በዚህ ነበር» በያት። ያንን አታውቅ ይሆናል። ከዚያ ስለ ቀሚሱ ንገሪያት። «የሙት ዓመቱ ፎቶ ነው፣ ሳየው ያመኛል» ማለት ይበቃል። የማስታወቂያ ሕግም ሆነ ካሎሪ ያን ቀን አታንሺ። አንድ ቀን ወስነሽ ግን ጠይቂያት፤ «እስከ ዓርብ አውርጂልኝ» በያት። «አንድ ቀን» ካልሻት አንድ ቀን አይመጣም።

ሁለት ነገር ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ አድርጊ። ምሳሽን ክፈዪ። ኮሚሽኑን አትንኪው። ያልተቀበልሽው ብር ስትናገሪ አፍሽን አይዝሽም።

ብትቆጣስ? ልትቆጣ ትችላለች። «እኔ ልወድቅ ነው፣ አንቺ ደግሞ ኪሎ ትቆጥሪያለሽ» ትልሽ ይሆናል። ያን ጊዜ ባዶ እጅሽን እንዳትሆኚ አንድ ሐሳብ ልስጥሽ። ለምግቧ የምትመሰክሪው እውነት አለሽ፣ ያውም ከተለጠፈው የሚበልጥ። እህል እምቢ ያላትን ሴት ያበላች እሷ ናት። ምግቧ አንቺን አላከሳም፤ እንድትበዪ ነው ያደረገሽ! ፒያሳና አካባቢው ባሉ ቢሮዎች ምሳ ሰዓት ሆዱን የሚነፋው፣ ዘይት የሰለቸው፣ ከቤቱ የራቀ ስንት ሰው አለ? ለዚህ ሰው «ሽሮዋ አይከብድም፣ እጇ ንጹሕ ነው፣ ሐዘን ላይ ሆኜ እንኳ የበላሁት የሷን ነው» ብትዪ ማንም አይከስሽም። ማንም ሚዛን ላይ ወጥቶ አያለቅስም። ሜክሲኮ ለሚከፈተው ቤት ቪዲዮ ካስፈለገ ድስቷንና እጇን ትቅረጽ። የጥሩ ባለሙያ እጅ ሽንኩርት ሲያቁላላ ማየት ሰው ይወዳል፤ እኔ ራሴ ማታ ማታ የማየው እሱን ነው።

ስለ 71ዱ ኪሎም ላንሳ፣ አንቺ እንደ ጥፋት ነው የጻፍሽውና። 82 የነበረ ሰው በስድስት ወር 14 ኪሎ ሳያስበው ሲቀንስ ሐኪም ማየት የነበረበት ነው። ሐዘን ነው ብለሽ አለፍሽው፣ ሊሆንም ይችላል፤ አሁንም ቢሆን አንድ ቀን ሄደሽ ተመርመሪ፣ የእንቅርትና የስኳር ምርመራም አይቅርብሽ። የተመለሰው 6 ኪሎ ግን ለእኔ እንደ ውድቀት አይታየኝም። እንደገና እራት እየበላሽ ነው። እህል ጣዕም አግኝቷል። ሐዘኑ በወሰደው ኪሎ ላይ ለምን ትቆሚያለሽ? የሚስማማሽን ክብደት ከሐኪም ጋር ሆናችሁ ፈልጉት። የእግር መንገዱን አትተዪ፤ እያለቀስሽ የጀመርሽው መንገድ በሄድሽበት ቁጥር ሌላ ይሆናል። ማታ ላይ ዝምታው አሁንም የሚከብድሽ ከሆነ ደግሞ ለዚያ ብቻ ሌላ ደብዳቤ ጻፊልኝ፤ ይኸኛው ውስጥ በጨረፍታ ነው ያለፍሽው።

እሑድ ስትሄጂ ፔርሙሱን እንዳትረሺ። መርካቶ የሚገጥመው ክዳን አይጠፋም፣ ፈልጊለት። ዕቃ ደግሞ ባዶውን አይመለስም። አጥሚቱን አንቺ አፍዪና ሞልተሽ ውሰጅላት።